አትሩጪ ብዬሽ ነበር

ሕሊናዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

ትናንት ማታ አክስትሽ ከአዳማ ደወለችልኝ። የኪቦርድ ጽሕፈት ፈተናው ላይ የሆነውን ነገረችኝ። አንቺ ልትደብቂኝ እንደፈለግሽም ገብቶኛል። አትሩጪ ብዬሽ ነበር እኮ! ሐዋሳ መናኸሪያ ስሸኝሽ አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜ ያልኩሽ ይህንኑ ነው።

«በደቂቃ 60 ቃል እጽፋለሁ» ትይ ነበር። በእንግሊዝኛው ፈተና አንድ ቃል ማለት 5 ምት፣ ማለትም ቁልፍ 5 ጊዜ መምታት ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። በ5 ደቂቃ 1,500 ምት መታሽ እንበል። እሺ፣ 60 ነው። ሳታርሚው ያለፍሽው ስህተት 75 ከሆነ ግን በየደቂቃው 15 ይቀነስብሻል። 45 ቀረሽ። ተረጋግታ 48 የጻፈች ልጅ በለጠችሽ። አማርኛውን በዚህ አትለኪው፤ «ል» በአንድ ምት፣ «ላ» በሁለት ምት በሚጻፍበት ኪቦርድ ሒሳቡ ሌላ ነው።

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ታይፒስት ሳለሁ ከቢሮው ፈጣኗ እኔ እንደነበርኩ መቶ ጊዜ ሰምተሻል። ይህኛውን ግን አልነገርኩሽም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከይርጋለም መጣች፤ ለጡረታ የሚሆን ደብዳቤ ፈልጋ። ቡናዬ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ሦስቱን ኮፒ በካርቦን አጣደፍኩት። ስሟ «አስካለ» ነው። እኔ «አስካለች» ብዬ መታሁት። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። በማግስቱ እንቁላል በገለባ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ተቀበልኩ። ስሟ ከፋይሉ ጋር አልገጥም ብሎ ስንት ወር ተመላለሰች መሰለሽ። ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ «ማሽኑ ነው» አልኳት። ማሽን ብቻውን «ች» ይመታል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች። እንቁላሉን በልተነዋል።

ስለዚህ አትሩጪ።

ጠቋሚ ጣቶችሽን ኤፍና ጄ ላይ ካሉት ትንንሽ ጉብታዎች አሳርፊ፤ ዓይንሽ ሳይሆን ጣትሽ ይፈልጋቸው። አላስችል ካለሽ እጅሽ ላይ ነጠላ ጣል አድርጊበት፤ እኛን እንዲያ ነው ያስተማሩን። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ እስከ እኩለ ሌሊት አትፍጪ። የምትሳሳቻቸውን ፊደላት ጻፊያቸውና እነሱን ብቻ ቀስ ብለሽ ደጋግሚ። ቀስ ብለሽ! ፍጥነቱ ኋላ ይመጣል፣ የትም አይሄድም። ቁጥርና የሰው ስም ላይ ስትደርሺ ደግሞ ቁሚ። አንብቢው።

አክስትሽን ስለ ፈተናው እንደነገረችኝ አትጠይቂያት፣ ታፍራለች። ሐሙስ በሚመጣው ልጅ ቆሎና በሶ ልኬልሻለሁ። ቆሎውን ኪቦርዱ ላይ አትብዪ። በሶውን ለእሷ ስጫት፣ ጥርሷን ያማታል። ዕቃውን ግን መልሺልኝ፤ ክዳኑ ያለው እሱ ብቻ ነው።

እናትሽ