ከሐምሌ በፊት ያ ወንፊት ይነሳ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የማያስኬድ አንድ መዝናኛ አለ። ስሙን አልጠራም፤ የአካባቢው ሰው ሲያነብ ያውቀዋል። ኩሬ አለው፣ ሁለት ጀልባ አለው፣ ዳር ዳሩን ጎጆዎች ተሠርተውበታል። ቅዳሜና እሁድ ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው ይመጣል። ዓሣ ይጠበሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ፎቶ ይነሳል። የልጄ መልስ ጊዜ እኛም ፎቶ የተነሳነው እዚያው ነው። ስለዚህ ምቀኛ እንዳትሉኝ።

«ሐይቅና አርዲቦን የመሰሉ የተፈጥሮ ሐይቆች እያሏችሁ ሰው ሠራሽ ኩሬ ምን ያደርግላችኋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ብያለሁ። ግን የሰፈራችን ልጆች እንጀራ በልተውበታል፤ ኩሬውን አልጠላሁትም። የሚያስፈራኝ ኩሬውን ይዞ ያቆመው አፈር ነው።

ጡረተኛ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ በመንገድና በውሃ ሥራ ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ አፈር ግን አውቃለሁ። ይህ ግድብ ሲሠራ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ዶዘር ገባ፤ የፈፋውን ግራና ቀኝ እየላጠ አፈሩን ወደ መሃል ገፋ፤ በአራት ቀን ዘጋው። ሮለር አልመጣም። የውሃ ቦቴም አልመጣም። የአፈር ግድብ እንዲህ አይሠራም። አንድ ስንዝር ገደማ አፈር ይነጠፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠቀጠቃል፤ ሌላው የሚደረበው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ዋልካ ደግሞ ጠባዩ የታወቀ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል። ብቻውን ለግድብ የሚታመን አፈር አይደለም።

አሁን ግድቡ መሃሉ ላይ 7 ሜትር ያህል ይቆማል። አናቱ ላይ ለጥላ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። በጀርባው በኩል ፍልፈል አፈር ሲያወጣ ይታያል። በእሁድ ቀን ደግሞ ባጃጅ የሚቆመው እዚያው አናቱ ላይ ነው።

ከግድቡ ግርጌ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። ግድቡ ሲሠራ ለውሃ ማስወጫ ተብሎ የተቀበረ ነው፤ በኋላ ሲያፈስ አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት። ቱቦ ሥር አፈር በደንብ አይጠቀጠቅም። ውሃ ደግሞ ብልህ ነው፤ የቱቦውን ጀርባ ተከትሎ መንገድ ያበጃል። አምና እዚያ ጋ ጠብ ጠብ የሚል ነበር። ዘንድሮ አውራ ጣት ያህላል።

የአፈር ግድብ ያልበዋል። ማላቡ አያስደነግጥም፤ ጥሩ የተሠራውም ያልበዋል። የሚያስደነግጠው ላቡ ሲደፈርስ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዤ ወረድኩና ከሚፈሰው ሞላሁ። ሲቀዳ ጠላ ይመስል ነበር። ቤት ወስጄ መስኮት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ውሃው ጠርቷል፤ ታች ግን ግማሽ ጣት የሚሆን ጥቁር ጭቃ ተኝቷል። ያ ጭቃ ከኩሬው የመጣ ነው እንዳልል ኩሬው ኩልል ያለ ነበር። የግድቡ ሆድ ነው። በየቀኑ፣ በየሌሊቱ፣ በትንሽ በትንሹ እየወጣ ነው ማለት ነው። በውስጡ ዋሻ እየተበጀ ነው፤ ከላይ ሣሩ ያምራል።

ሌላም ለክቻለሁ። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያደርጉበትን ነጭ ቱቦ ተውሼ ከጎረቤት ልጅ ጋር የግድቡን አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ አየነው። መሃሉ ከሁለቱ ጫፎች በ27 ሳንቲም ዝቅ ብሏል። ሰው ተመላልሶበታል፣ ባጃጅ ቆሞበታል፣ ያልተጠቀጠቀው አፈርም ራሱ ሰጥሟል። ውሃ ሲተርፍ ከሚወጣበት ማስተንፈሻ ወለል እስከዚህ ዝቅ እስካለው ቦታ 34 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። አንድ ክንድ አይሞላም።

ማስተንፈሻው ደግሞ ወንፊት ሽቦ ተደርጎበታል። ዓሣው እንዳይሄድ። አሁን ሳየው ፌስታል፣ ገለባና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽቦው ላይ ተለጥፏል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት የወሎ ዝናብ ቢመጣ ሽቦው በር ዘጊ ይሆናል። ውሃው ወጪ ሲያጣ በዚያ መሃሉ በተጎደጎደ አናት ላይ ይሻገራል። የአፈር ግድብ ውሃ ጀርባው ላይ አንዴ ከወረደበት የቀረው የደቂቃ ወይም የሰዓት ጉዳይ ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን እዚሁ ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ ያ የሚታወቀው ውል ተፈረመ። አንድ ወር ሳይሞላው፣ በፈረንጅ ሜይ 31 ቀን 1889 መሆኑ ነው፣ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ፈረሰ። የግል ነበር። የፒትስበርግ ከበርቴዎች፣ እነ ካርኔጊ ያሉበት ክለብ፣ ዓሣ የሚያጠምዱበትና በጀልባ የሚንሸራሸሩበት ኩሬ ነበር። ሠረገላ እንዲያሳልፍ ብለው የግድቡን አናት ዝቅ አድርገውታል። ከሥር ውሃ ማስወጫ የነበሩት ቧንቧዎች ክለቡ ሳይገዛው ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ክለቡም አልተካቸውም። ማስተንፈሻው ላይ ደግሞ ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት አድርገዋል። ያን ቀን ሠራተኞቹ በዝናብ ውስጥ ወንፊቱን ሊያጸዱ፣ አናቱን በአፈር ከፍ ሊያደርጉ ታገሉ። አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተደረመሰ። በአንድ ሰዓት ገደማ ውሃው ታች ያለችው ጆንስታውን ከተማ ደረሰ። ከ2 ሺህ 200 በላይ ሰው ሞተ። ክለቡን ፍርድ ቤት ከሶ የረታ አልነበረም።

ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝቅ ያለ አናት፣ ማስወጫ የሌለው ሥር፣ ወንፊት። ሦስቱም እኛ ጋ አሉ።

የድሮና የፈረንጅ ነው የሚል ካለ፣ ጎረቤት ኬንያን ያስታውስ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ሶላይ በሚባል ቦታ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ በክረምታቸው መሃል ተንዶ ከ40 በላይ ሰው ጨርሷል። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ።

የእኛ ኩሬ ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። በእርምጃ ለክቼ ስገምተው 15 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይዟል። አንድ ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብላችሁ አስቡት። ከ900 በላይ ሲኖ አፈር አንድ ላይ ሲገለበጥ ማለት ነው፤ ያውም አፈር ሲገለበጥ ባለበት ይቆማል። ከግድቡ በታች በፈፋው ዳር 40 የሚሆን አባወራ አለ። ወፍጮ አለ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚሻገሩበት መሻገሪያ አለ። ደራሽ ውሃ እናውቃለን፤ ከተራራ ሲመጣ ድምፁ ይሰማል፣ ሰው ከብቱን ይዞ ይወጣል። ይኼኛው ግን ለመውጣት ጊዜ ሳይሰጥ ነው የሚመጣው።

ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ ቡና ጋበዘኝ። «ጋሼ፣ ሁለት ክረምት ችሎ የለም እንዴ? አታስፈራሩብኝ፣ እንግዳ ይሸሻል» አለኝ። ሁለት ክረምት መቻሉ እውነት ነው። አምናና ካቻምና ግን ጭቃ አልነበረውም። ወደ ቢሮም ሄጃለሁ። አንዱ «የግለሰብ ንብረት ነው» አለኝ፣ ሌላው «ይሄ የቱሪዝም ነው»፣ ሦስተኛው «የውሃ ነው፣ ነገ ተመለሱ» አለኝ። ነገ ስመለስ ስብሰባ ነበሩ።

እንግዲህ ሕጉን አንድ የወንድሜ ልጅ አውጥቶ አነበበልኝ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ያለ ፈቃድ የውሃ ግንባታ መሥራት አይቻልም ይላል። ከፈቃድ ነፃ ያደረገው በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ የውሃ ወፍጮና የመሳሰለውን ነው። ጀልባ የሚንሳፈፍበት ኩሬ እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ስለዚህ «የግለሰብ ነው» መልስ አይሆንም።

መዝናኛው ይዘጋ አላልኩም። አፍርሱትም አላልኩም። የምለው ይህን ነው። ወንፊቱ ዛሬ ይነሳ። ዓሣ ቢያመልጥ ቢያመልጥ ስንት ነው? ቆሮሶ እንደሆነ መልሶ ይራባል። ማስተንፈሻው ይስፋ፣ ወለሉና ጎኑ በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይሠራ። መሃል የሰጠመው አናት በተጠቀጠቀ ገረጋንቲና አፈር ይሞላ፤ ባጃጁ ከዚያ ይውረድ። ዘንድሮ ደግሞ ኩሬው በግማሽ ይክረም። ማስወጫ ስለሌለው በትልልቅ የውሃ ጎማ በሲፎን፣ ማለትም ውሃውን በአናቱ አሻግሮ ወደ ታች በመሳብ፣ ማውረድ ይቻላል፤ እኔ ራሴ ልጆቹን አሳያለሁ። ግን ቀስ ተብሎ ነው፣ በቀን ጥቂት ሳንቲም። ውሃው በአንዴ ከጎደለ የረጠበው አፈር ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ባሕር ዛፉንም ማንም ተነስቶ እንዳይቆርጠው። ሥሩ ውስጥ ሲበሰብስ ሌላ ቧንቧ ይሆናል፤ ከተቆረጠ ተነቅሎ ጉድጓዱ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ለዚህም ለዚያም አንድ የግድብ መሐንዲስ መጥቶ ይየው። ከደሴ እስከዚህ ስንት ሰዓት ነው?

ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዘበኛው ማታ ማታ ባትሪ ይዞ ግርጌውን ይይ። ከታች የሚኖሩትን ሰዎች ስልክ ቁጥርም ይያዝ። ይህ ብር አይጠይቅም።

መሐንዲሱ ከመጣ መጀመሪያ እኔ ቤት ጎራ ይበል። ሃይላንዷ አሁንም መስኮት ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ሞልቼ አጠገቧ አስቀምጫለሁ። በሁለተኛዋ ጭቃው አንድ ጣት ሆኗል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ፎርማን፣ ደቡብ ወሎ
(ስሜና ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ)