ቁመትሽን ለክተሽ ላኪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ትንሽ ጨምረሽ ቪትዝ አትገዢም ነበር?» ስትይኝ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ቂም ይዤ አይደለም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

የገዛሁት ኮምቢ ቮልስ ነው። ከኋላ አልጋ አለው፣ ከጎን ቁም ሳጥንና የምድጃ ቦታ፣ ጣሪያው ደግሞ ወደ ላይ ይከፈታል። ጀርመን አገር ቬስትፋሊያ የሚባል ድርጅት በፈረንጅ ከ1951 ጀምሮ ቮልስን እንዲህ ወደ ቤት ይቀይር ነበር። የእኔው ሊብሬ ላይ 1974 ይላል። በእኛ 1966 መሆኑ ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። በቪትዝ ደርሶ መምጣት ይቻላል። እኔ ግን የምፈልገው ሐይቅ ዳር ማደር ነው። 30 ዓመት ፒያሳ ልብስ ስሰፋ አንድም ሌሊት ሐይቅ ዳር አላደርኩም።

ስገዛው ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር። በዚያ ተታለልኩ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥም «ትንሽ ስቱኮና ቀለም ይበቃዋል» ብሎ፣ ቀዳዳውን በሚደርቅ ማጣበቂያ ሞልቶ ገንዘቤን ተቀበለ። ወር ሳይሞላው ከበሩ ሥር ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። ከዚያ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ የቦዲ ሠራተኛ ሄድኩ። ምንም ሳይናገሩ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በሩን ተከትለው አስጠጉት። ላሜራ ያለበት ላይ ይይዛል። ስቱኮ ያለበት ላይ ይወድቃል። በግራ በኩል ብቻ አራት ቦታ ወደቀ። ልጄ፣ አሮጌ መኪና ልትገዢ ብትነሺ ማግኔት ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ዝገቱ ተቆረጠ፣ አዲስ ላሜራ ተበየደ። አሁን ግራጫ ፀረ ዝገት ብቻ ለብሶ ግቢያችን ቆሟል። ጎረቤት ሁሉ «መቼ ነው የሚቀባው?» ይለኛል። አልቸኩልም። ዝገቱን ያመጣውን ውሃ ሳልዘጋ ብቀባው ያው ነው።

ውሃው የሚገባበትን ያሳየኝ ሐምሌ ነው። ዶፍ በጣለ ቁጥር ባትሪ ይዤ ውስጡ እቀመጣለሁ። ጠብታ ባየሁበት በልብስ ጠመኔዬ ምልክት አደርጋለሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከፊት መስታወቱ ጎማ፣ ከአንዱ መስኮት ጥግና ከጣሪያው ሸራ ስፌት ነበር የሚገባው። የመስታወቱንና የመስኮቱን ጎማ አስቀየርኩ። ሸራው ግን የእኔ ሙያ ነው፤ ለማንም አልሰጠሁም። አሮጌውን ተርትሬ በላዩ ላይ አዲሱን ቆረጥኩ። የድንኳን ሸራ ነው፣ ከመርካቶ። ክሩን ወፍራም፣ ስፌቱን ረዘም አደረግኩት። መርፌ በበሳ ቁጥር ለውሃ በር ይከፍታልና። ሲያልቅ ስፌቱን በሙሉ በሰም አሸሁት። ነሐሴ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላስገባም።

ከሁሉ ያስፈራኝ የቤንዚን ቱቦው ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ታንኩም እዚያው አጠገቡ ነው። ቱቦው ሲያረጅ ይሰነጠቅና ቤንዚኑ የጋለው ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። እኛ ልንተኛ የምናስበው እኮ እዚያ ላይ ነው! ቱቦዎቹን ከነማሰሪያቸው አስቀየርኩ። የእሳት ማጥፊያም ከሾፌሩ ወንበር ጎን አስሬያለሁ።

የመኪናው እግር ጎማዎች ጥርሳቸው አላለቀም ነበር። ጎሚስታው ግን ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር አነበበልኝ፤ 2309። በፈረንጅ 2009፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠሩ ማለት ነው። አርጅተዋልና ጣልናቸው።

ሽቅብ ሲወጣም ይታፈን ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ የተስተካከለ ስለነበር ቤንዚን ይበዛበታል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰው ወጡ። መካኒኩ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠባብ ቀየረው። የቫልቮቹንም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከለ። እሁድ ጠዋት ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጣን። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ ድምፁ አልተለወጠም። ቁልቁል ስንመለስ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ሞከርነው። ወደ ጎን አልጎተተም። መሪውን ይዤ አለቀስኩ።

አሁን የቀረው አልጋው ነው። እኔ ከታች፣ አንቺ ከላይ ጣሪያው ሥር። ስፖንጁን በልክ የሚቆርጥልኝ ሰው መርካቶ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ቀሚስ የለካሁልሽ 12ኛ ክፍል ሳለሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳትረዝሚ አልቀረሽም። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና ሰው ይለካሽ። ከዓርብ በፊት ይድረሰኝ።

እናትሽ