ልመለስ ወይ ላልከኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡም ደህና ነው።

ባለፈው ከአውስትራሊያ በስልክ «አባዬ፣ ጠቅልዬ ልምጣ ወይ?» ስትለኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። እናትህ አጠገቤ ስለነበረች ነው። እሷ መልሷ አንድ ነው።

የሚመለሱትን በደንብ አውቃቸዋለሁ። እዚህ አየርላንድ፣ ደብሊን አየር ማረፊያ በታክሲዬ ተሰልፌ የምጭነው እነሱን ነው። ገና ሲደርስ መግቢያው በእናቶችና «እንኳን ደህና መጣህ» በሚል ወረቀት ይሞላል። አብዛኛው ለበዓል የመጣ ነው። ጠቅልሎ የመጣው በሻንጣው ብዛት ይታወቃል።

ለምን መጣችሁ ስላቸው ስለ አገር ፍቅር የሚያወራኝ የለም። አንዷ እናቷ ደክማለች። አንዱ ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ አያቶቹን የሚያውቃቸው በስልክ ብቻ ነው። ሌላው «ሲድኒ ቤት መግዛት የማይታሰብ ነው» ይለኛል። የደብሊንን ኪራይ እስኪሰማ ነው እንግዲህ። በየዓመቱ ወደ 30,000 አይሪሾች ይመለሳሉ፤ ከዚያ የማያንስም ይወጣል። እስከ ኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. በነበረው አንድ ዓመት ወደ አውስትራሊያ ብቻ 10,600 ሰው ሄዷል። አንተም ጓደኞችህን ተከትለህ ነው የሄድከው።

ድሮ መመለስ ብርቅ ነበር። በ1845 እ.ኤ.አ. ከጀመረው የድንች ረሃብ በኋላ አንድ ልጅ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ጎረቤቱ በዋዜማው ተሰብስቦ እየበላ፣ እየጨፈረ፣ እያለቀሰ ያነጋ ነበር። ሬሳ የሌለው ለቅሶ በለው። በ1950ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ወደ 400,000 ሰው ወጣ፤ አብዛኛው ወደ እንግሊዝ፣ ለግንባታና ለሆስፒታል ሥራ። ከእነዚያ ውስጥ በስተርጅና መመለስ የሚፈልጉ ዛሬም አሉ። በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ቤት በማፈላለግ የሚረዳቸው ድርጅት አለ።

አንዱን ሽማግሌ ወደ ሜዮ በሚሄደው ባቡር ላሳፍረው እዚሁ ደብሊን ሂውስተን ባቡር ጣቢያ አድርሼዋለሁ። ዕድሜውን ለንደን ሲሚንቶ ሲያቦካ ኖሯል። ጓደኞቹ አልቀዋል፤ ይጠጣበት የነበረው ቤት ተዘግቷል። «ታዲያ ምን ፍለጋ ነው?» አልኩት። ለንደን ላይ አይሪሽ ሁሉ ስሙ ቀርቶ በጅምላ «ፓዲ» ነው የሚባለው አለኝ። እሱ የሚፈልገው ሱቅ ሲገባ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው። የአባቱን ስም ሲጠራ የሚያውቅለት።

እኔ እንደገባኝ ሁሉም የሚመለሱት ይህንን ፍለጋ ነው። ሥራውም ኪራዩም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንተን ግን ጥያቄው እንደሚቆጠቁጥህ አውቃለሁ። እዚሁ አድገህ «ከየት ነህ?» ይሉሃል። «ከዚህ» ስትል ደግሞ «አይ፣ ከመጀመሪያው?» ይሉሃል። ይህ ቀርቷል ብዬ አልዋሽህም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የኸርሊንግ፣ ያ በዱላ የምትጫወቱት የአይሪሾች ጨዋታ፣ ሜዳው በር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ልጅህ መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው?» ይለኛል። አዲስ አበባ ማለታቸው አይደለም። አሰልጣኝህማ የቦታህን ነገር ሳያነሳ አያልፈኝም።

«አንተስ መቼ ነው የምትመለሰው?» እንዳትለኝ። የእኔ ሌላ ደብዳቤ ነው።

ለእኔና ለእናትህ ብለህ ግን እንዳትመጣ። ለወላጅ ብለው የመጡ ወላጁ ሲያርፍ ግራ ሲገባቸው አይቻለሁ። ለራስህ የሚሆን ነገር ካለህ ና። የመጀመሪያው ዓመት ያናድዳል፤ አዲስ በሽተኛ የሚቀበል ሐኪም ማግኘት መከራ ነው። እዚያ ሆኖ ዝናቡ ናፈቀኝ የሚል ሁሉ እዚህ በሁለተኛው ሳምንት ያማርራል።

ከወሰንክ፣ እዚያ ያለ አደጋ የነዳህበትን ማስረጃ ከመድን ድርጅትህ አስጽፈህ ያዝ። ያለሱ የሚጠሩልህ ዋጋ መኪናውን ያስንቃል። ጃንዋሪ ላይ አትምጣ። ደግሞ አንድ ሳምንት ቀደም ብለህ አሳውቀን፤ ክፍልህን የእናትህ የልብስ ስፌት ማሽን ይዞታል።

አባትህ