ከሰሚት ፖይንት መልስ

ሰላም ለሁላችሁ! መኪናዬን ሰሚት ፖይንት የውድድር ትራክ ላይ ስለነዳሁበት ቅዳሜና እሁድ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በአንዴ ልመልስ፤ መኪናዋም እኔም ደህና ነን።

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው የሰሚት ፖይንት ዋና ትራክ 2 ማይል ነው፤ 10 ኩርባ አለው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ አንደኛው ኩርባ ይጠብቃችኋል። ፍሬን የሚፈተነው እዚያ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ስደርስ ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ሙልጭ ብሎ ወለል ድረስ ወረደ። ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጠው እንደምንም ያዘልኝ። ላብ በላብ ሆንኩ!

ጥፋቱ የራሴ ነው። የፍሬን ዘይቱን ከቀየርኩት ሁለት ዓመት አልፎታል። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያኔ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ እንዲህ ወለል ድረስ ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ ይችላል። እርጥበት ሲገባው ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል።

ማታ ሆቴሉ ፓርኪንግ ላይ በስልክ መብራት ቀየርነው። ጓደኛዬ ፔዳል ይረግጣል፣ እኔ ጎማው ስር ተንጋልያለሁ። እሁድ በሰላም ዋልኩ።

በነገራችን ላይ፣ አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳት አይከፍልም። ውላችሁን አንብቡ።

በሚቀጥለው የምትመጡ ሄልሜትና የጎማ ንፋስ መለኪያ ያዙ። ፍርፍሩን እኔ አመጣለሁ።