ሁለት ጎማ ያላቸውንም አትርሱብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሰሞን ስለ መኪና ሪኮል (ኩባንያው ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ መልሶ ስለሚጠራበት አሠራር) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ የራሴን መኪና ቁጥር አስገብቼ አየሁ። ንጹሕ ነው፤ ተመስገን። ግን ሁለት ጎማ ያላቸውን ረሳችኋቸው። የሳይክል ዕቃም ሪኮል ይደረጋል። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

የመኪናው ነገር ቀላል ነው። እዚህ አሜሪካ መኪና በስም ይመዘገባል። ሦስተኛ እጅ ብትገዙትም ደብዳቤው ፖስታ ሳጥናችሁ ድረስ ይመጣል። ሳይክል ግን ሊብሬ የለው፣ ታርጋ የለው። የመጀመሪያው ገዢ ስሙንና ኢሜይሉን ለሱቁ ሰጥቶ ከሆነ ይነገረው ይሆናል። ከእሱ የገዛውንስ ማን ያግኘው? እውነቱን እንነጋገር ካልን ደግሞ፣ አበሻ አዲስ የውድድር ሳይክል ከሱቅ ሲገዛ ብዙ አላየሁም። ያገለገለ ነው የምንገዛው። ጥሩ ዋጋ ከተገኘ ሁለት እንገዛና አንዱን አገር ቤት እንልካለን።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር በጢስ ዓባይ መንገድ ይወጣል፤ ስልክ ሲያነሳ ገና እያለከለከ ነው። ለእሱ ብዬ ከአንድ ሽማግሌ ያገለገለ የውድድር ሳይክል ገዛሁ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ጎማውን እንኳ ነፍተው ነው የሰጡኝ። ስለ ሪኮል ግን ምንም አላነሱም። እሳቸውም አያውቁም።

የነገረኝ ካፒታል ክሬሰንት በሚባለው የሳይክል መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ነው። ውሃ ለመጠጣት ቆመን ለልጁ የገዛሁትን ሳይክል ጎንበስ ብሎ አየና «ክራንክህን አስመርምረሃል?» አለኝ። ቤት ገብቼ አነበብኩ።

ክራንክ ማለት ፔዳሉን የያዘው ክንድ ነው። ሙሉ ክብደታችሁን የምትጥሉበት ዕቃ ነው። የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ ኩባንያ ሺማኖ ኡልቴግራና ዱራ ኤስ በሚባሉት፣ ከኋላ 11 ማርሽ ባላቸው ዕቃዎቹ ላይ ክንዱን ባዶ አድርጎ ሠራው። እንዲቀል ተብሎ፣ ሁለት የአሉሚኒየም ግማሾች በሙጫ ተጣበቁ። ችግሩ ሙጫው ሲለቅ ነው። ክንዱ ይላቀቃል፣ ሲብስም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ሪኮሉ ሲታወጅ በአሜሪካ 680,000፣ በካናዳ 80,000 ክራንኮች ተካተዋል። እስከዚያ ድረስ 4,519 የመላቀቅ አጋጣሚዎች ለኩባንያው ተነግረውታል፤ 6 ሰዎች ተጎድተዋል፣ አጥንቱ የተሰበረም አለ። ርካሽ ዕቃ ነው እንዳትሉ፣ ክራንኩ ብቻውን ከ270 እስከ 1,500 ዶላር ነው የተሸጠው።

የእኔን ለማወቅ ጋራዥ ውስጥ ሳይክሉን ገለበጥኩት። ፔዳሉ ከሚታሰርበት ጫፍ በስተጀርባ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። በግራሶ ተሸፍነው ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳህን ሳሙና ፈትጌ፣ በስልኬ መብራት አየሁ። «ኦ ቢ» ይላል። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱ ነው። ኬ 2012 ነው፣ ኤል 2013፣ እንዲህ እያለ አር 2019 ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ፣ እስከ ኤል ዲሴምበር። ስለዚህ የእኔ ፌብሩዋሪ 2016 የተሠራ ነው። ሪኮሉ ከኬ ኤፍ እስከ አር ኤፍ ያለውን ይይዛል። መሀሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

የደወልኩለት የመጀመሪያ ሱቅ «ከእኛ ነው የገዛኸው?» አለኝ። አይደለም ስል ድምፁ ቀዘቀዘ። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ፊደሉ ነው እንጂ ስለ ደረሰኝ አይደለም ብል ማን ይስማኝ። ሁለተኛው ሱቅ ለሦስት ሳምንት ቀጠረኝ። ቀኑ ሲደርስ መካኒኩ ክራንኩን ፈታ፣ ጠረገው፣ መብራት ሥር አገላበጠው፣ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ዳሰሰው። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። «አልፏል» አለኝ። በጽሑፍ ስጠኝ ስለው ሳቀና የሱቁ ካርድ ጀርባ ላይ ቀኑን ጻፈልኝ።

ሆዴ ያልረጋው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሪኮል ሁሉንም አይቀይርም። የመላቀቅ ምልክት የታየበት በነፃ ይቀየራል፣ ይገጠምለታልም። ያልታየበት ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ዛሬ አልታየም ማለት ከርሞ አይታይም ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 የሳይክል ኩባንያው ትሬክ የፊት ጎማውን የሚያስረውን ማጠፊያ ሪኮል ሲያደርግ ነገሩ ሌላ ነበር። ማጠፊያው ሳይቆለፍ ከቀረ የዲስክ ፍሬኑ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አንድ ሰው እጅና እግሩ ሽባ ሆኗል። በአሜሪካ ብቻ 900,000 ያህል ሳይክል ነው። ላመጣ ሁሉ አዲስ ማጠፊያ በነፃ ገጠሙለት፣ ምልክት ታየ አልታየ ሳይባል። ማጠፊያ ከክራንክ እንደሚረክስ አውቃለሁ። ቢሆንም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያላችሁ በዚህ ትሻላላችሁ። ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ሪኮል ያደረገ ኩባንያ ጥገና፣ ቅያሪ ወይም ገንዘብ መመለስ ከሚሉት ቢያንስ ሁለቱን ማቅረብ አለበት። ማስታወቂያውም «በፈቃደኝነት» ወይም «ለጥንቃቄ ያህል» እያለ አደጋውን ማለሳለስ አይችልም። ይህን አንቀጽ የጻፈውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሪኮል የተደረገ ዕቃ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ሕግ ወዲህ ክልክል ነው። በኢንተርኔት የምትሸጡ እወቁት።

እናንተን የምጠይቀው አንዲት ጥግ ነው። ከቤት ኪራዩና ከቪዛ ጠበቃው ማስታወቂያ አጠገብ፣ በወር አንዴ። የሳይክል፣ የሕፃን አልጋ፣ የባትሪ ሪኮል፣ የዕቃው ስም፣ ቁጥሩ የት እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚሰጡ፣ በቃ። የአሜሪካ የሸማች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን ሁሉንም በነፃ ያወጣዋል፤ የሚቀረው በአማርኛ መጻፍ ነው። በዲሲ ጎዳና ምግብ የሚያደርሱ ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ሳይክል ላይ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ የሚፈልጉበት ጊዜ የላቸውም።

የልጁን ሳይክል በተመለከተ፣ ምርመራውን ያለፈውን ክራንክ አውልቄ በሙጫ ያልተጣበቀ ሌላ ከኪሴ ገዛሁለት። ባሕር ዳር ላይ በየስድስት ወሩ ማን ይመረምርለታል ብዬ ነው። ስደውል ግን የጓደኞቹንም እንዲያይ ነገርኩት። በማግስቱ መልሶ ደወለ። «ጋሼ፣ የአንዱ ፒ ዲ ይላል» አለኝ። ሳይክሉን አጎቱ ከጀርመን ነው የላኩለት። «የት ይውሰደው?»

ክራንኩን ፈትቶ በመንገደኛ ለአጎቱ ይላክ፣ እዚያ ያስመርምሩለት፣ እስከዚያ አይንዳው አልኩ። እሺ አለኝ። የሰማኝ ግን አይመስለኝም። እሑድ ውድድር አላቸው።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ