የድሮዎቹን ልብወለዶች ለምን ከመደርደሪያ አወረድን?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የድሮዎቹን የፍቅርና የወንጀል ልብወለዶች ከኪራይ አውጥተን ጓዳ ማስገባታችን ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ከአባዬ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁን አንድ ጋሼማ "አባትህ ቢኖር ይሄን አያደርግም ነበር" ብለውኝ ወጡ፣ ያቺ ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣችልኝም።

ግን እስቲ የኔንም ስሙኝ። አባዬ በደርግ ጊዜ ፒያሳ መንገድ ዳር ካርቶን ዘርግቶ፣ መታወቂያ እያስያዘ በሳንቲም ሲያከራይ እነዚያን የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ህትመቶች ጀርባቸው ሲገነጠል በዱቄት ሙጫ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። እና እኔ ነኝ የምንቃቸው?

ዛሬ የሚከራየን ተማሪው ነው። በቀደም አንዷ የዩኒቨርሲቲ ልጅ የወሰደችውን በማግስቱ መለሰችው፣ ምነው ስላት ገጹን ገልጣ አሳየችኝ፣ ጀግናው ልጅቷን በጥፊ ያጮላታል፣ እሷ ደግሞ እዛው ፍቅር ይይዛታል። ያንን ገጽ ስንቴ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላየሁትም፣ እውነቴን ነው አፈርኩ። ሌላው ልጅ ደግሞ አንዲት የጠፋች ደብዳቤ 80 ገጽ ሙሉ ስታስለቅስ አንብቦ "ለምን አይደውልላትም?" አለኝ፣ ስልክ የላትማ ስለው ሳቀብኝ። ሰራተኛዋ "ገረድ"፣ ቆንጆዋ ሁሉ አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ በረዶ... እኛ ጣፍጦን አድገናል፣ እነሱ ሶስተኛው ገጽ ላይ ያዛጋሉ።

ደሞ ቦታው የት አለ? የፒያሳው ቤት በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ያለንበት ክፍል የድሮውን ግማሽ አያክልም፣ በዛው አመት ሐምሌ ዶላር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ወረቀቱም ተወደደ፣ አዲስ መጽሐፍ ገዝቶ ማከራየት ፈተና ሆነ፣ የማይከራይ መደርደሪያ አቁሜ አቧራ ላስጠጣበት አልቻልኩም።

"ጊዜ ያለፈበት" ብለን ወረቀት መለጠፋችን ግን ጥፋት ነው፣ የታሸገ ሳርዲን አስመሰልናቸው። ይቅርታ።

አልጣልናቸውም። ለቆሎ መጠቅለያ በኪሎ ልግዛችሁ ያለን ሰው ነበር፣ እምቢ ብለን መልሰነዋል። ጠይቁን፣ ከጓዳ እናወጣላችኋለን፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ ቡናም አይጠፋም፣ ብቻ አትቅሩብን። ደሞ ከወንጀሎቹ ውስጥ የመጨረሻ ገጻቸው የተቀደደ 3 አሉ፣ ገዳዩ ማን እንደነበር የምታስታውሱ ካላችሁ ንገሩን፣ በእጃችን ጽፈን እንለጥፍበታለን።