ካርድ ከመውሰዳችሁ በፊት

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛው ሴሚስተር ፈተና ታርሞ አልቋል። የፊታችን ቅዳሜ ካርድ እንሰጣለን። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ መምህራችን የቴስት ወረቀት ከመመለሳቸው በፊት ተማሪዎቹን ግምታቸውን ያስጽፋሉ። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። አንዷ ልጅ ቁጥር ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ዝቅ አድርጋ ጻፈች። ጓደኛዋ ቀና ሲል በመዳፏ ሸፈነችው። ወረቀቱ ሲመጣ ከገመተችው በላይ አግኝታለች። "ዕድል ነው" አለች። እሱ ደግሞ ከግምቱ በታች አገኘ። "ቲቸር፣ ጥያቄው ግልጽ አይደለም" አለ።

ሁለቱም አልዋሹም። ሰው ራሱን ሲገመግም ፍላጎቱ ጣልቃ ይገባል። እውነቱን ማወቅ እንፈልጋለን። ጥሩ ሆነን መታየትም እንፈልጋለን። ስለራሳችን ቀድመን ያመንነው እንዳይፈርስም እንፈልጋለን። "ሂሳብ አይሆንላትም" እየተባለች ያደገች ልጅ ጥሩ ውጤት እንኳ ብታገኝ አታምነውም።

የትኛው ፍላጎት እንዲበረታ እኛ አዋቂዎች ትልቅ ድርሻ አለን። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሠርተው ተመሰገኑ። ገሚሶቹ "ብልህ ነህ"፣ ገሚሶቹ "በርትተህ ሠርተሃል" ተባሉ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸው፤ ብዙም አልሆነላቸውም። በኋላ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ "ብልህ" ከተባሉት ከ10 ወደ 4 የሚጠጉት ጨምረው ጻፉ። ስለ ጥረታቸው ከተመሰገኑት ግን እንዲህ ያደረጉት ጥቂት ናቸው። ይህ ውጤት ሁሌም ያስደነግጠኛል። እኛም "ማሻአላህ፣ ጎበዝ!" የምንለው በፍቅር ነውና። ልጁ ግን ያንን ስም ላለማጣት መጨነቅ ይጀምራል።

ፈተና ሊገቡ ሲሉ "እኔ ምንም አላነበብኩም" የሚሉ ልጆችም አሉ። ሌሊቱን ሲያነብ ያደረም ይላል፣ ከምሩ ያላነበበም ይላል። ዝቅ ያለ ውጤት ቢመጣ ምክንያቱ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። እባካችሁ በዚህ አትቆጡት። የፈራ ልጅ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ካርዱን ስትቀበሉ "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ለጊዜው አቆዩልኝ። የጎረቤት ልጅንም አታንሱ። ልጃችሁ አንድ የተሳሳተውን ጥያቄ አውጥቶ እንዴት እንደሠራው ያስረዳችሁ። ሂሳቡ ባይገባችሁም ችግር የለም፣ ዝም ብላችሁ አዳምጡት። ስህተቱን ሳይሳቀቅ ማሳየት የለመደ ልጅ፣ የቱ ጋ እንደሚደክም ለማወቅ መምህር አይጠብቅም።

የታረሙትን ወረቀቶች ከካርዱ ጋር አያይዘን እንሰጣለን። ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላችሁና ቅዳሜ የማይመቻችሁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮዬ ክፍት ነው። ልጁን ይዛችሁት ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር